ያለማንም እርዳታ

ተማሪዎቼ በርበሬ ነው የሚሉኝ። ከኋላዬ ነው እንጂ ፊት ለፊቴማ ቲቸር ነኝ። እውነታቸውን ነው። ደሜ ቶሎ ይፈላል፣ አፌም አያርፍም፤ እናቴ እንኳ «አንቺን የሚያገባ ሰው መጀመሪያ ጆሮውን ይድፈን» ትል ነበር። ስለዚህ ሳወራ ድምፄን ከፍ ካደረግኩ ታገሱኝ። ይሄ ቀስ ተብሎ የሚነገር ነገር አይደለም።

ስድስተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። በዓመቱ መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና አለ። ሒሳብና ንባብ በታሸገ ፖስታ መጥተው በታሸገ ፖስታ ይሄዳሉ፣ ማሽን ያርማቸዋል፣ እኔን አያገባኝም። ጽሕፈት ግን በአንድ ቀን ፈተና አይለካም፣ የክፍሉ መምህር ይፍረድ አሉ። እናም ልጁ ዓመቱን ሙሉ የጻፈውን በማኅደር እሰበስብና መጨረሻ ላይ «ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» እላለሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ ጽሑፉ ያለማንም እርዳታ በልጁ የተጻፈ መሆን አለበት። መምህሩ አንዲት ቃል ከጨመረበት የልጁ ውጤት ይሰረዛል፣ የመምህሩም ፈቃድ ይነጠቃል። እንዳናጭበረብር ደግሞ ከትምህርት ቢሮ አመሳካሪ ይላካል፤ ከማኅደሮቹ ጥቂት መዝዞ የእኛን ፍርድ ከጽሑፉ ጋር ያያል።

ድንቢጥ የምንላት ልጅ ነበረችኝ። ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፤ ትንሽዬ፣ ፈጣን፣ ኮሽ ሲል የምትበር ልጅ ናት። አባቷ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ብረት ይበይዳል። የግቢያችንን በር፣ የርዕሰ መምህሩን መስኮት ፍርግርግ፣ የዥዋዥዌውን እግር የሠራው እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል። ያ ወርቅ እጅ የሚስቱን ክንድ ሰበረ፤ እሷም አንድ ጠዋት ዳቦ ልግዛ ብላ እንደወጣች ቀረች። ከዚያ ዱላው ወደ ልጅ ዞረ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለርዕሰ መምህሩ ብነግረው «እህቴ፣ የሰው ቤት ጣጣ ውስጥ አትግቢ፤ ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ይህችን ተረት ለሁሉ ነገር ስለሚተርታት ስሙንም ዝም-አይነቅዝም ብለነዋል። ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ ተረኛው «የሞተ ሰው አለ?» አለኝ። «እስኪሞት ልጠብቅ?» ብለው አስወጣኝ።

አንድ መውጫ ብቻ ነበረ። ሌላ ከተማ ልብስ የምትሰፋ አክስት አለቻት፤ ሰባተኛ ክፍል ከገባች ወስጄ አስተምራታለሁ ብላለች። በያጁም አንድ ቀን ሰው ፊት ሲፎክር «ይቺ ድንጋይ ራስ ካለፈች ራሴ አውቶቡስ አሳፍራታለሁ!» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምስክሩም ብዙ ነበር። ድንቢጥ ሒሳቡንም ንባቡንም አለፈች። የቀረው ጽሕፈት፣ ማለትም የእኔ ፍርድ ነበር። «ደርሳለች» ካልኩ ከዚያ ቤት ትወጣለች፤ «አልደረሰችም» ካልኩ ትቀራለች።

ደግሞ አላዳላሁላትም። ማኅደሯ ውስጥ ብቻውን የሚያሳልፍ አንድ ጽሑፍ ነበራት። «አንድ ነገር እንዴት እንደሚደረግ ለማያውቅ ሰው አስረዱ» ብዬ ነበር ያዘዝኳቸው። አንዱ ጎማ እንዴት እንደሚለጠፍ ጻፈ፣ አንዷ እንቁላል እንዴት እንደሚጠበስ፣ አንዱ ሰነፍ ደግሞ ከአልጋ ሳይነሱ መብራት በእግር ጣት እንዴት እንደሚጠፋ። ድንቢጥ እንዲህ ጻፈች፦

«አባባ ሲመጣ እንዴት እንደሚደበቁ። የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ አልጋ፣ ብርድ ልብስ። መጀመሪያ በሩን ስሚ። አንዴ ከጮኸ ደህና ነው። ሁለቴ ከጮኸ በእግሩ መትቶታል። ቀጥሎ ጫማሽን አውልቂ። ጫማ ድምፅ አለው። ከዚያ አልጋ ሥር ግቢ። ግድግዳውን ተጠጊ። የመጥረጊያው እንጨት እዚያ አይደርስም። የብርድ ልብሱን ጫፍ ንከሺ። ከያዘሽ አትሩጪ። ፊትሽን በእጅሽ ሸፍኚ። ሆድሽን በጉልበትሽ ሸፍኚ። ይቅርታ አትበዪ። ይቅርታ ሲባል ይብስበታል። በመጨረሻ ያንኮራፋል። የምታውቂውን ቁጥር ሁሉ ቁጠሪና ውጪ።»

አንብቤ ስጨርስ ጠርቻት «ይሄን ላስቀምጥልሽ፣ ሌላ ጻፊ» ብላት «አይ ቲቸር፣ ይታረም» አለች። «ስህተት ካለው ንገሪኝ። በትክክል መጻፍ አለበት።» ስህተት አልነበረውም። ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩት። ልቤ ውስጥ ደግሞ አንድ የቢሮ ሰው አንብቦ «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?» ይል ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ።

አመሳካሪው ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነበር። ከስንቱ ማኅደር የድንቢጥን መዘዘ። አነበበ፤ እንደገና አነበበ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራኝ።

«መምህርት፣ ይሄ የልጅ ሥራ አይደለም» አለኝ።

«የማን ነው ታዲያ? የእኔ?»

«ቅደም ተከተሉ ልቅም ያለ ነው፣ ነጥቡም ቦታ ቦታውን ይዟል። ይሁን። ግን ይሄን ይመልከቱ» አለና የእስክሪብቶውን ጫፍ ቃላቱ ላይ አሳረፈ። «‹አውልቂ›፣ ‹ግቢ›፣ ‹ተጠጊ›። መመሪያ ለማንም ነው የሚጻፈው፤ ‹ይወለቃል፣ ይገባል› ይባላል፣ ወይም ‹አውልቁ፣ ግቡ›። ሌሎቹ ያየኋቸው ልጆች እንደዚያ ነው የጻፉት። እዚህ ግን ሰው አንዲት ልጅን አንቺ እያለ ያናግራል። ልጅ ለራሷ አንቺ አትልም። ትልቅ ሰው ነግሯት ነው የጻፈችው። ያ ትልቅ ሰው ደግሞ...» አለና በመነጽሩ አናት አየኝ።

እውነት ለመናገር ለምን «አንቺ» እንዳለች እኔም አላውቅም፤ ከራሷ ጋር የምታወራ መስሎኝ ነበር።

«ልጅቷን ጠርተው አይጠይቋትም?» አልኩት።

«እጠይቃታለሁ እንጂ። ሕጉ ወላጅ ባለበት ይላል።»

«ወላጅ! ያነበቡት አልገባዎትም እንዴ? ‹አባባ› የሚለው ቃል ለጌጥ የገባ መሰለዎት?»

«የፈጠራ ጽሑፍ መስሎኝ ነበር» አለ። ጉድ በሉ! እኔን ሌባ ለማድረግ ዓይኑን ሲያፈጥ ልጅቷን አላያትም።

ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞርኩ። ዝም-አይነቅዝም ጣራ ጣራውን ያያል። «ዘበኛውን ልኬዋለሁ፣ ይሄኔ እየመጡ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አፈር ብላ!» አልኩት። በሥራ ዘመኔ አለቃዬን እንዲያ ብዬ አላውቅም። ግን ምን ያደርጋል፣ በሩ ተከፍቶ ነበር።

በያጁ የቆዳ ሽርጡን እንዳሰረ፣ የመበየጃ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ገባ። ከኋላው ዘበኛው ድንቢጥን ከክፍል አምጥቶ ትቷት ወጣ። ልጅቷ ግድግዳውን ታክካ ቆመች። በያጁ ለሁላችንም እጅ ነሳ፤ ሰው ፊት ጨዋ ነው። ወረቀቱን ሲሰጡት «መነጽሬ ሱቅ ቀርቷል፣ አንብቡልኝ» አለ።

«አይነበብም!» ብዬ ልነጥቅ ስል ዝም-አይነቅዝም ክንዴን ያዘኝ። አመሳካሪው ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ዜና እንደሚያነብ ሰው ነበር። «የመጥረጊያው እንጨት» ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ድንቢጥን አየ፤ እጅጌዋ አጭር ነው፣ ክንዷ ላይ ያለው ሰንበር ይታያል። ድምፁ ወረደ። አቆመ።

«ይጨርሱት እንጂ» አለ በያጁ፣ ጣቶቹን በጨርቅ እየጠራረገ።

ጨረሰው። በያጁ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ነው የሚያስፈራው።

«ጎሽ» አለ። «የቤቴን ገመና ለመንግሥት አስነበቡልኝ። ጎሽ።» ከዚያ ወደ ድንቢጥ ዞረ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

ድንቢጥ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እኔም በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አሰብኩት። አዎ ካለች ዛሬ ይገድላታል። እኔ ነኝ ካልኩ ውጤቷ ይሰረዛል፣ እንጀራዬ ይቆረጣል፣ እሷም ያን ቤት ሌላ ዓመት ትኖርበታለች። ግን ዛሬን ትትረፍ እንጂ፣ የነገን ነገ ያውቃል!

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ቃል በቃል ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። እሷ እጇን ነው ያዋሰችኝ።»

አመሳካሪው ደነገጠ። አሁን ገብቶታል። «መምህርት፣ የሚሉትን ያውቃሉ? ይሰረዛል እኮ!»

«ይሰረዝ!»

በያጁ በጥፊ አልጀመረም። በቡጢ ነው የመታኝ፣ አፌን። ጥርሴ ከንፈሬ ውስጥ ሲገባ ሰማሁት። ከኋላዬ የብረት ቁም ሣጥን ነበር፤ ጭንቅላቴ ከእሱ ጋር ተጋጭቶ ቢሮው ዞረብኝ። ከመውደቄ በፊት አንገቴን ያዘና አቆመኝ። «ቤቴን አፈረሳችሁብኝ! አዋረዳችሁኝ!» እያለ ይጮሃል፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ማለት ይሄ ነው። ጥፍሬን ፊቱ ላይ ተከልኩ። ለቀቀኝና በክርኑ ጎድኔን አለኝ፤ ትንፋሼ ሄደ። ወለሉ ላይ ሆኜ ደሜን ስተፋ በሽርጡ ሥር ያለውን ቦት ጫማ አያለሁ፣ ሲነሳ፣ ሲመለስ።

አመሳካሪው «ጌታዬ፣ ይሄ የመንግሥት ቢሮ ነው!» አለው። ምስኪን! በያጁ የእንግዳውን ወንበር አንስቶ አወረደበት። የወንበሩ እግር ተሰብሮ ግድግዳ ሲመታ፣ የሰውየው መነጽር ደግሞ ወለሉ ላይ ሲንኮታኮት ሰማሁ። ዝም-አይነቅዝም ትልቁ ጠረጴዛ ሥር ገብቷል። ድንቢጥም እዚያው ናት፤ ርዕሰ መምህርና ተማሪ ከአንድ ጠረጴዛ ሥር። ልዩነታቸው ድንቢጥ መውጣቷ ነው።

«ውሸቷን ነው!» ብላ ጮኸች። «ቲቸር ውሸቷን ነው! እኔ ነኝ የጻፍኩት! ማንም አልረዳኝም!»

«አንቺ ልጅ ዝም በዪ!» አልኩ፣ ግን አፌ በደም ተሞልቶ ቃሉ አልወጣም።

በያጁ እኔን ትቶ ወደ እሷ ሄደ። ፀጉሯን በጭብጡ ጠቅልሎ ከወለሉ አነሳት። እግሯ አየር ላይ ሲንፈራገጥ አየሁ፤ አልጮኸችም። በሌላኛው እጁ መታት፣ ሆዷን፣ እንደ ትልቅ ሰው። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ የትምህርት ቤቱ የእጅ ደወል አለ፣ ከባድ ነሐስ። በእሱ ጆሮ ግንዱን አልኩት። ደወሉ ጮኸ። ደገምኩት፤ ጮኸ። ግቢው ውስጥ ልጆቹ ዕረፍት የተደወለ መስሏቸው እየተንጫጩ ይወጣሉ፣ እኔ ደግሞ እመታለሁ። ደም በአንገቱ ሲወርድ ሳይ ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ልጅቷን ለቀቃት፣ ወደ እኔ ዞረ። ያኔ ያ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ሰው፣ አፍንጫው እየደማ፣ እየዳኸ መጥቶ ሁለቱን የበያጁን እግሮች አቀፈ። አቅፎም ዓይኑን ጨፈነ። በያጁ ሊራመድ ሲል ተጠልፎ ወደቀ፤ ግንባሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቶ ተከፈተ። ዘበኛውና የስፖርት አስተማሪው ሮጠው ደረሱ፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ አንዱ አንገቱ ላይ ተቀምጠው ልጆቹ በሚዘሉበት ገመድ አሰሩት።

ፖሊስ መጣ። ያው እኔን ያስወጣኝ ተረኛ! አመሳካሪው መታወቂያውን ሲያሳየው ቀጥ አለ። «የመንግሥት ሠራተኛ ደበደብክ?» ብሎ በያጁን በብረት አሰረው። የሚስት ክንድ ሲሰበር ወንጀል አልነበረም፣ የልጅ ጀርባ ሲገሸለጥ ወንጀል አልነበረም፤ የቢሮ ሰው መነጽር ሲሰበር መንግሥት ነቃ። ብስቅ ከንፈሬ ይቀደዳል ብዬ ተውኩት። በያጁ ሲወጣ ዞር ብሎ ድንቢጥን አያትና «ቤት እንገናኛለን» አላት። እውነቱን ነው። በመነጽር ዕድሜ ልክ የታሰረ ሰው የለም።

አመሳካሪው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ወረቀቱን ፈለገ፤ የበያጁ ቦት ጫማ ረግጦት ነበር። ከመነጽሩ በቀረችው አንድ መስታወት አቅርቦ አየው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የኔ እመቤት» አላት። «አንቺ እንደጻፍሽው አምኛለሁ፤ ማንም እንዳልረዳሽ ገብቶኛል። እንዲያው ልወቀው ብዬ ነው እንጂ ለፈተናው አይደለም። ለምንድነው ‹አንቺ› ያልሽው?»

ድንቢጥ ሆዷን ይዛ ቆማለች። ጥያቄው ግራ ገባት፤ ይሄ ይጠየቃል እንዴ እንደማለት አየችኝ።

«ለታናሽ እህቴ ነዋ!» አለች። «ቲቸር ለማያውቅ ሰው አስረዱ አለችን። እሷ አታውቅም። እስካሁን እኔ ነኝ የምደብቃት፣ እሷ ስትተኛ ነው የምመታው። ካለፍኩ ብቻዋን ነው የምትቀረው፤ አክስቴ አንድ ልጅ ነው የምችለው ብላለች። ረጅም ቃል ማንበብ ገና ስላልቻለች ነው ያሳጠርኩት።»

ታናሽ እህቷን አውቃታለሁ፤ አንደኛ ክፍል ናት፣ አፍንጫዋ ሁልጊዜ የሚፈስ፣ የድንቢጥን ቀሚስ ጫፍ ይዛ የምትሄድ። ዓመቱን ሙሉ ስለ አንዷ ስጨነቅ ሌላኛዋ አንድም ቀን ትዝ አላለችኝም። ፊቴን ምን ውስጥ እንደምደብቅ ጠፋኝ። አመሳካሪው ማኅደሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ደርሳለች» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። «አልፈሻል» አላት።

ድንቢጥ አልተደሰተችም። ቀረብ ብላ በጆሮዬ «ቲቸር» አለችኝ፣ «እሷ ማንበብ እስክትችል ድረስ ብወድቅ አይቻልም?»

እኔ አፌ የማያርፈው አለቀስኩ መሰለኝ፤ ከደሙ ጋር ተደባልቆ አልለየሁትም። እጇን ያዝኩና ግቢውን አቋርጠን አንደኛ ክፍል ሄድን፣ ሳላንኳኳ ገባሁ። የክፍሉ መምህርት አፌን አይታ ጮኸች፣ ልጆቹም ጮኹ። «ትንሿን ልወስዳት ነው» አልኳት። «ያለ ወላጅ ፈቃድማ...» ስትል «ወላጇ እኔ ነኝ፣ ጻፊው!» ብዬ ጮኽኩባት። አክስትየዋ ሁለት አልችልም ካለች እኔ ቤት ሁለት ትራስ አለ፤ በያጁም ከተፈታ የእኔን በር ይምታ፣ ደወሉ እኔ ጋ ነው።

ትንሿ ዴስኳ ውስጥ ተቀምጣ የተቀደደውን ከንፈሬን አየች፣ እህቷን አየች። ደብተሯን ዘጋች፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«አባባ መጣ?» አለች።

«አልመጣም» አለቻት ድንቢጥ፣ ቦርሳዋን እያነሳችላት። «ጫማሽን አድርጊ። እኛ ነን የምንሄደው።»